ስልካችንና ጎረቤታችን

የሚነበብ፦ ምሳሌ 27፥14፤ ፊልጵስዩስ 2፥4



የምሳሌ መጽሐፍ አንድ የሚገርም ነገር ያስተምረናል። በማለዳ እየጮኸ የሚመርቅ ሰው ምርቃቱ እርግማን ሊሆንበት ይችላል። ታዲያ ምርቃት እንዴት እርግማን ይሆናል? እኔም ድሮ አልገባኝም ነበር።

ሁልጊዜ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቼ በስልኬ ስብከት እከፍት ነበር። ድምፁን እስከ መጨረሻው እለቀዋለሁ። ጎረቤቶቼም ሰምተው ይባረኩ ብዬ ነው። እዚህ ካኩማ ቤታችን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የአንዱ ሳል ለሌላው ይሰማል። አንድ ቀን የጎን ቤት እናት መጣችና፣ «ወንድሜ፣ ልጄን ሌሊቱን ሙሉ ትኩሳት ሲያቃጥለው አድሮ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው። እባክህ ቀንስልኝ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ባለመቆጣቷ የባሰ አፈርኩ። ስብከቱ እኮ ስለ ፍቅር ነበር።

ስልክ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ለእኛ ለስደተኞች የእናታችንን ድምፅ የምንሰማው በስልክ ነው። ዘመድ የላከልን ገንዘብ በኤምፔሳ ይደርሰናል። የጉዳያችንም ጥሪ በእሱ ይመጣል። ግን ለቅሶም የሚመጣው በዚያው ስልክ ነው። አገር ቤት መርዶ ሲነገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው በማለዳ ይሄዳሉ፤ ሰው ብቻውን አይረዳም። አሁን ግን የውሃ ሰልፍ ላይ ቆመን ሊደርሰን ይችላል። አንተ ስፒከር ላይ አድርገህ ስትስቅ፣ ከጎንህ የቆመው ሰው ዛሬ ምን ሰምቶ እንደመጣ ታውቃለህ? የሰው ሞት ስፒከር ላይ ቢነገርህስ፣ አጠገብህ ያለችው የሟቹ እህት ብትሆንስ?

ጳውሎስ የፊልጵስዩስን ሰዎች ስለ ራሳቸው ብቻ ሳይሆን ስለ ሌላውም እንዲያስቡ መከራቸው። ይህን የጻፈው ታስሮ ሳለ ነው። እሱ በእስራቱ ውስጥ ሌላውን ካልረሳ፣ እኛም ተቸግረናል ብለን ጎረቤታችንን መርሳት የለብንም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንለማመድ። ሰልፍ ላይ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናውራ። ዘፈንም ይሁን መዝሙር፣ ሰው ባለበት በጆሮ ማዳመጫ እንስማ። ከታላቅ ሰው ጋር ተቀምጠን ስልክ ከጠራ «ይቅርታ» ብለን ፈቀቅ እንበል። ሳናስፈቅድ የሰው ፎቶ አንስተን ፌስቡክ ላይ አንለጥፍ፤ ከመካከላችን ያለበት ቦታ እንዳይታወቅ የሚፈልግ ሰው አለ። በጉባኤ ጊዜ ስልካችንን እንዝጋ። የጉዳዩን ጥሪ የሚጠብቅ ወንድም ካለ ግን ድምፁን አጥፍቶ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሲጠራ ቀስ ብሎ ይውጣ። እኛም አንፍረድበት።

እኔ አሁን ማለዳ የምጸልየው በዝምታ ነው። ያ ልጅ ጌታ ይመስገን ድኗል። አንዳንዴ ሲያስለው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ያን ጊዜ በስሙ ጠርቼ እጸልይለታለሁ። ስልኬ ሲጮህ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጌታ ሆይ፣ ለአፋችንም ለእጃችንም ጠባቂ አድርግልን። የጎረቤታችንን ጭንቀት የምንሰማበት ጆሮ ስጠን። አሜን።