የግቢውን ስም አይታችሁ ልጅቷን ለምትጥሉ

እናንተ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወገኖቼ፣ ይህ ቃል በመጀመሪያ ለእናንተ ነው። ከወላይታዋ ዱቦ የወጣች ልጅ ማመልከቻ ስታስገባ የተማረችበትን ግቢ ስም አንብባችሁ ወረቀቷን ወደ ጎን አድርጋችኋል። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃችኋትም። በደል ነው፤ ንስሐ ግቡበት።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምርጫውን ይሞላል እንጂ የሚመድበው በአብዛኛው ትምህርት ሚኒስቴር እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ብዙዎቻችሁም እንዲሁ ተመድባችሁ ነው የተማራችሁት። ነጥብ ድርሻ የለውም አልልም። ያ ነጥብ ግን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነጥብ ነው። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ዓመታት ተምራለች፤ እናንተ ዛሬም በዚያ በአንድ ሰሞን ፈተና ትፈርዱባታላችሁ።

የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም.። የ56 ዓመት ልዩነት በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ሙከራ፣ በአንጋፋ መምህራን ይታያል፤ አልክድም። ግን ዘግይቶ የተከፈተው ግቢ የእርሷ ጥፋት ነውን? ደግሞስ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። አንድ ሙያ የተማሩ ሁሉ፣ የትም ይማሩ፣ አንድ ዓይነት ፈተና ይወስዳሉ፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። እንግዲህ ምን ማመካኛ ቀራችሁ?

በወንጌል የተጻፈው ናትናኤልም «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ብሎ እንደ እናንተ ነበር ያሰበው። ስለ ኢየሱስ የነገረው ፊልጶስ አልተከራከረውም፤ መጥቶ እንዲያይ ጋበዘው፤ እርሱም ሄደ። እናንተ ግን ለማየት እንኳ አልተነሣችሁም። በዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታል የተኛ ሕመምተኛ መርፌ የያዘችውን ነርስ «የት ተመረቅሽ?» አይላትም፤ እጇን ነው የሚያየው።

የግቢያችሁን ስም ያጎደፋችሁት እናንተ የግል ተቋማትስ ታመልጣላችሁን? በ2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው የመውጫ ፈተና ከተፈታኞቹ ሁሉ ያለፉት 40 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ ከግል ተቋማት ከቀረቡት ደግሞ 17 ከመቶ ያህሉ ብቻ። በየሴሚስተሩ የሰጣችሁት «ኤ» እና «ቢ» የት ገባ? እናት ቅቤ ሸጣ፣ አባት ወይፈኑን ነድቶ ገበያ አውጥቶ የከፈሉትን ገንዘብ ተቀብላችሁ፣ ያላስተማራችሁትን ልጅ ጋዋን አልብሳችሁ ሸኛችሁ። በእግዚአብሔር ፊት ይህ ስርቆት ነው።

አንተም ልጄ፣ የመመረቂያ ጽሑፍህን በገንዘብ ያስጻፍህ፣ ራስህን ብቻ ያታለልህ አይምሰልህ። ሥራ ገብተህ ባዶነትህ በታየ ቀን ቀጣሪው የሚያስታውሰው የአንተን ስም አይደለም፤ የግቢህን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዚያው ግቢ የምትመረቀው ታናሽ እህትህ በሩ ሲዘጋባት የዘጋኸው አንተ ነህ። ተመለስ፤ መጽሐፉን እንደገና ክፈት፤ ያልተማርኸውን ተማር።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ ወደ ጎን ያደረጋችሁትን የማመልከቻ ክምር ነገ ጠዋት መልሳችሁ አውጡት። የግቢውን ስም በእጃችሁ ሸፍኑና ልጅቷን ጠርታችሁ ፈትኗት።