ለውበት ሲባል የተነሣ መንደር

ውብ ነገር ማየት ኃጢአት ነው የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ዐይን ለማየት የተፈጠረ ነው፤ ተራራም ተደብቆ አይኖርም። ግን ጥያቄው እንዲህ ተብሎ ቢቀርብስ? እኔ ቆሜ የማደንቀው ውበት እንዲህ አምሮ ይታይ ዘንድ ሌላ ሰው ከቤቱ፣ ከእርሻው፣ ከአባቶቹ መቃብር አጠገብ ተነሥቶ ከሆነ፣ በማየቴ ውስጥ የእኔ ድርሻ ምንድን ነው? «እኔ ተመልካች ነኝ፤ ያስነሣሁት እኔ አይደለሁ» ብዬ እንደ ጲላጦስ እጄን መታጠብ እችላለሁን?

ይህ ነገር በዶርም ክርክራችን በተነሣ ቁጥር ወዲያው ሁለት ጎራ ይለያል። አንዱ ወገን፣ «ዋልያ ከጠፋ ጠፋ ነው፤ ሰው ግን ሌላ ቦታ ሄዶ መኖር ይችላል» ይላል። ሌላው ደግሞ ጠረጴዛ እየመታ፣ «ሰው ሳይጠግብ የምን የዱር ፍየል ነው! ለቱሪስት ካሜራ ተብሎ ጭቁኑ ገበሬ ይፈናቀል?» ብሎ ይነሣል። ሁለቱም የእውነት ግማሽ ይዘዋል፤ ለዚህም ነው ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት የማያልቀው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሁለቱም ስለ ገበሬው፣ ስለ ዋልያውና ስለ መንግሥት ሲናገሩ ስለ አራተኛው አካል አንድ ቃል አለመተንፈሳቸው ነው። አራተኛው አካል የሚያየው ሰው ነው። ማለትም እኛ።

ፈላስፎች ስለ ተመልካቹ ብዙ ብለዋል። ካንት በ1790 ባሳተመው፣ የፍርድ ችሎታን በመረመረበት መጽሐፉ ውስጥ አንድ የሳቮይ አገር ገበሬ ይጠቅሳል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ እየቀያየርኩ አንባቢን ላለማደናገር ነው።) ገበሬው በረዶ የለበሰ ተራራ ወዳድን ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት ሞኝ ይለው ነበር። ወሬውን ካንት ያገኘው ደ ሶሲዩር ከሚባለው የጄኔቫ ተራራ ወጪና ሊቅ ጽሑፍ ነው። ካንት ገበሬውን አስተዋይ ሰው መሆኑን አይክድም፤ ሆኖም የተራራን ግርማ ለመቀበል አእምሮ አስቀድሞ በግብረ ገብ ሐሳብ መሠልጠን አለበት፤ ያልሠለጠነ ሰው የሚያየው አደጋውንና ድካሙን ብቻ ነው ባይ ነው። እንግዲህ ይህን የሚለን ዕድሜውን በሙሉ ከተወለደባት ከተማ እምብዛም ርቆ ያልሄደ ሰው ነው። የተራራውን ብርድ የሚያውቀውስ ማን ነበር?

ቢሆንም ካንትን በቀልድ አልፈን አንገላገለውም። ምክንያቱም ያ ሐሳብ ዛሬም በመካከላችን አለ። ገበሬው ውበት አያይም፤ ስለማያይም ያበላሻል፤ ስለሚያበላሽም ይነሣ። በግልጽ የሚናገረው ሰው ጥቂት ነው፣ ውስጥ ውስጡን ግን ብዙዎቻችን የምናስበው ይህንኑ ነው።

በ2019 ጥር ወር ከቤተሰቤ ጋር ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ይህን የማነሣው የሽርሽር ወግ ለማውጋት አይደለም፤ ከላይ የተናገርኩትን ሐሳብ ያናጋብኝ የእናቴ ጥያቄ ስለሆነ ነው። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። የስሜንን ገደል ከሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሲስለው ኖሮ በዐይኑ ያየው ያን ጊዜ ነው። እናቴ ደግሞ ከገበሬ ቤት ወጥታ ከተማ የገባች ሴት ናት። ደባርቅ ላይ ተመዝግበን፣ ክላሽ ያነገተ ስካውት ተመድቦልን፣ ሳንቃ በር አደርን። ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ሣር ሲነጩ ታናሽ ወንድሜ ከመካከላቸው ካልተቀመጥኩ ብሎ አስቸገረ። አባቴ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ይህ ሁሉ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሆኑን፣ ዝናብና ወንዝ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት እንዴት እንደ ጠረበው ለማንም ለሚሰማው ያስረዳ ነበር። ደስታው ያስቀና ነበር፤ የአገሩ ነገር ነዋ።

በማግሥቱ እናቴ በበቅሎ፣ እኛ በእግራችን የጅንባርን ወንዝ ተሻግረን ግጭ ወጣን። ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። ጓሳው በነፋስ ይተኛል፤ ጅብራው ከሩቅ ሲያዩት ጋቢ ለብሶ የቆመ ሰው ይመስላል። ዝም ያለ ቦታ ነው። አባቴ «ይኸ ነው ያልተነካ ተፈጥሮ!» አለ። እናቴ ግን ከበቅሎዋ ላይ ሆና መሬት መሬቱን ታያለች።

«ይኸ ማሳ ነበር» አለች። እኛ ሣር ብቻ ነው የምናየው። እሷ ግን የድንበሩን ድንጋይ፣ የቤቱን መሠረት፣ ውሃ የሚወርድበትን ቦይ አንድ በአንድ በጣቷ አሳየችን። ወደ ስካውቱም ዞር ብላ «ልጄ፣ ሰው ነበረበት አይደል?» አለችው።

«አዎን እመይቴ፤ ግጭ ነው እኮ። ከተነሡ ሦስት ዓመት አልሞላም።»

«ወዴት ሄዱ?»

«ደባርቅ።»

«ሙታኖቻቸውስ?»

ስካውቱ ጥቂት ዝም አለና «ሙታንማ የት ይሄዳሉ እመይቴ፤ እዚሁ ናቸው» አላት። እናቴ አውርዱኝ ብላ ከበቅሎዋ ወረደች፤ ሜዳውንም በእግሯ አቋረጠችው። አባቴ ካሳ እንደተሰጣቸው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ እንዳገኙ፣ ለዋልያው ሲባል ግድ እንደነበረ አስረዳት። «እኔ መች ተከራከርኩ? የተቀበሩት የት እንደሆነ ነው የጠየቅሁት» አለችው።

እንግዲህ የካንትን ገበሬ ከእናቴ ጎን አቁሙት። እናቴ ውበቱን አላየችም ልንል ነው? ከሁላችንም በላይ አየች እንጂ። እኛ «ያልተነካ» ያልነው ቦታ ላይ የሰው እጅ ያረፈበትን አነበበች። ያልሠለጠነው ዐይን የማን ነው ብዬ ብጠይቅ አጉል ብልጠት እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ጥያቄው የቀረ አይደለም።

የአባቴ ክርክር ግን ቀላል አይደለም፤ ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት። ፓርኩ በ1969 በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ስሜን ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። በ1996 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ሰፈረ። እርሻው ሽቅብ እየወጣ፣ ከብቱ ጓሳውን እየጨረሰ፣ ዋልያው እየሸሸ ነበር። ዋልያ በምድር ላይ ከዚህ ሌላ አገር የለውም። በ1960ዎቹ 150 ያህል ብቻ እንደቀረ ይገመት ነበር። በሌላ በኩል፣ ከዳገቱ ላይ ገብስ የሚዘራው ገበሬ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ተከዜ ሲወርድበት ከማንም በፊት የሚጎዳው ራሱ ነው። የ2016ቱ የግጭ መነሣት 418 አባወራዎችን የሚመለከት ነበር፤ በ2017 ስሜን ከአደጋው መዝገብ ወጣ። አባቴ ይህን ሲያስረዳ በፊቱ ላይ የኩራት ምልክት ይታይ ነበር። እኔም ዋልያ ይጥፋ ከሚል ሰው ጋር አልቆምም። የጠፋ ዘር ካሳ ተከፍሎት አይመለስም።

ነገር ግን ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። ሰው ሲነሣ ተፈጥሮ በራሷ ትድናለች የሚለው እምነት ከየት መጣ? በ1872 የሎውስቶን በአሜሪካ ሲከለል፣ ለሺህ ዓመታት ያደኑበትና የተመላለሱበት የአገሬው ነባር ሕዝቦች እንደሌሉ ተቆጥረው ከቦታው ተገለሉ። ከዚያ ወዲህ «ብሔራዊ ፓርክ» ሲባል ሰው የሌለበት ምድር ማለት ሆነ። ፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊ ጊዮም ብላን ስሜንን ዋና ማስረጃ አድርጎ በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አረንጓዴ ቅኝ አገዛዝ ብሎታል። አባባሉን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ የሚያስነሣው የራሳችን መንግሥት፣ የሚደሰተውም የራሳችን መምህር ሲሆን ነገሩን ሁሉ በፈረንጅ ማላከክ ከራስ መሸሽ ይሆናል። ግን አንድ ነገር በትክክል አይቷል፤ አውሮፓ ውስጥ እረኛና ከብት ያለበት ተራራ ቅርስ ተብሎ ሲደነቅ፣ እኛ ዘንድ ያው እረኛ አጥፊ ተብሎ ይጠራል።

ደግሞም ዋልያው። መንደሩ ከተነሣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁጥሩ አልጨመረም፤ በቅርቡ እንዲያውም በጣም እያነሰ መጣ። በአካባቢው ጦርነት ገባ፤ ጥበቃው ላላ፤ ጥይት በዛ። ስለዚህ ዋልያውን የሚያጠፋው የግጭ ገበሬ ብቻ እንዳልነበረ ጊዜ ራሱ መሰከረ። ሌላም ልጨምር። እኛ ከጎበኘን ከሁለት ወር በኋላ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ 2019 ፓርኩ ተቃጠለ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ ይህ በዜና ተነገረ። ከዚያ በፊት ግን በየቀኑ ዳገቱን እየወጣ በቅጠልና በአፈር እሳቱን ሲደበድብ የነበረው የዚያው አገር ገበሬና ወጣት ነው። ጠላት ነው የተባለው ሰው ቤቱ እንደሚቃጠልበት ሰው ሮጠ። ይህን ምን እንለዋለን?

እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። አንድ ነገር ግድ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዕዳ የለበትም ማለት ግን ሌላ ነው። ሁለቱን እናምታታለን። ወንዝ ሞልቶ ልጅ ሊወሰድ ሲል የጎረቤትን በቅሎ ሳላስፈቅድ ብጋልብ ትክክል አደረግሁ፤ በቅሎዋ ስትሞት ግን «ግድ ነበር» ብዬ ዝም ማለት አልችልም። ግድነቱ ከጥፋተኝነት ያድነኛል፣ ከዕዳ አያድነኝም። የግጭ ሰዎች መነሣት ግድ ነበር እንበል፤ ለክርክሩ ያህል ልቀበል። ታዲያ ባለ ዕዳው ማን ነው? ካሳውን የከፈለው መንግሥት ብቻ? በቅሎዋን የጋለበው እኮ ሌላ ነው። ሜዳው ባዶ በመሆኑ የተደሰተው፣ ጸጥታውን ጠጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ነፍሴ ታደሰች ብሎ የተመለሰው ጎብኚ ነው ጥቅሙን ያገኘው።

ካሳ ደግሞ ምንን ይተካል? የቤት ጣሪያ ይተካል፤ የአንድ ዓመት ገብስም ይተካል። ከብት ያረባ የነበረ ሰው ከተማ ዳር ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እህል በገንዘብ ሲሸምት የሚሰማውን አይተካም። እዚህ ላይ ጓደኞቼ «ስሜታዊነት ነው» ይሉኛል። ይሁን። ግን የዕዳው አከፋፈል ስሜት አያስፈልገውም፤ የሚቆጠር ነገር ነው። የተነሣ ሰው መቃብሩን ሊጎበኝ ሲመጣ እንደ ባለቤት ይግባ። ስካውቱም፣ የበቅሎ ጎታቹም፣ መንገድ መሪውም ሥራ በቅድሚያ ለእነሱ ልጆች ይሁን። ጎብኚው ግጭ ሲደርስ እዚህ መንደር እንደነበረ ይነገረው፤ «ያልተነካ ተፈጥሮ» እየተባለ አይዋሽ። ይኸኛው ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም።

አንድ የታሪክ ተማሪ ወዳጄ ይህን ጽሑፍ በረቂቁ አንብቦ እንዲህ ሲል ሞገተኝ፦ «እንዲህ ከሆነማ የትም መቀመጥ አትችልም። ሰው ያልተነሣበት መሬት የት አለ? ይኸው ስድስት ኪሎ ቤተ መንግሥት ነበር፤ ቤተ መንግሥት ከመሆኑ በፊትስ የማን ማሳ ነበር? ላይብረሪው ውስጥ ስታነብ ዕዳ ይሰማሃል?» ጥሩ ሙግት ነው፤ ለሁለት ቀን መልስ አጥቼ ነበር። አሁን የምመልሰው ይህን ነው። ላይብረሪ የምገባው መጽሐፍ ፍለጋ ነው፤ ከመሬቱ የተነሣው ሰው አለመኖሩ ለማንበቤ አይጨምርልኝም፣ አይቀንስብኝም። ግጭ ላይ ግን እንድናይ የተጋበዝነው ያንኑ አለመኖር ነው። ከሩቅ መጥተን፣ ብርዱን ችለን፣ ለመግቢያ ከፍለን የቆምነው «ሰው የለበትም» ለማለት ነው። አባቴ በዚያ ቀን ያነሣው ፎቶ ቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጅብራውና ጓሳው ጥርት ብለው ይታያሉ። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከታች በስተግራ ያለውን የድንጋይ ረድፍ በጣቷ ታሳያለች፤ «ይኸ የቤት መሠረት ነው» ትላለች።