የጀግና ዕዳ

አንባቢ ሆይ! ሰው ለአገሩ ብሎ የሠራው ሥራ በሌላ ንጹሕ ሰው ላይ ሞት ቢያመጣ ተጠያቂው ማን ነው? በወጣትነቴ ይህ ጥያቄ ሲነሣ «ተጠያቂው ገዳዩ ነው» ብዬ ወዲያው እዘጋው ነበር። ዛሬ ግን መልሱ እውነት ቢሆንም ሙሉ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ።

ለምሳሌ የሚሆን ታሪክ ልጥቀስ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የግሪክ አገር በጣልያን፣ በጀርመንና በቡልጋርያ ጦር ተይዛ ነበር። ከተሰሎንቄ ወደ አቴና የሚወርደው የባቡር ሐዲድ በላሚያ ከተማ አጠገብ የጎርጎፖታሞስን ወንዝ በረጅም ድልድይ ይሻገራል። በሰሜን አፍሪካ ለሚዋጋው ለሮሜል ጦር ስንቅና ትጥቅ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፕላን በጃንጥላ የወረዱ ጥቂት የእንግሊዝ ጦር ሰዎች ከግሪክ አርበኞች ጋር ሆነው፣ ኅዳር 16 ቀን 1935 ዓ.ም. ሌሊት በድልድዩ ላይ አደጋ ጣሉ። የአሪስ ቬሉኺዮቲስና የናፖሌዎን ዜርቫስ ሰዎች፣ በፖለቲካ የማይስማሙ ሁለት ወገኖች ሲሆኑ፣ በአንድነት የጣልያንን ዘብ ገጠሙ። ፈንጂ አጥማጆቹም የብረቱ ምሰሶ ካሰቡት ቅርጽ የተለየ ሆኖ ስላገኙት፣ ተኵስ ሳይበርድ ፈንጂውን ፈትተው እንደ ገና ማሰናዳት ግድ ሆነባቸው። በመጨረሻ ድልድዩ ተሰበረ፤ መንገዱም ስድስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ።

ነገር ግን ጣልያኖች በብቀላ ተነሥተው በነገሩ እጃቸው የሌለበትን ግሪካውያን ረሸኑ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ለሚያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ከዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «ሮሜል በኤል አላሜን የተሸነፈው ከዚያ ሌሊት ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው፤ እንግዲያስ የእነዚያ ሰዎች ሞት ስለ ምን ነበር?» ይል ይሆናል። ሆኖም የአፍሪካው ጦርነት ያበቃው በግንቦት 1935 ዓ.ም. ነው፤ ያን ሌሊት መጨረሻውን የሚያውቅ አልነበረም። ሰውም የሚፈረድበት ሊያውቀው በሚችለው ነገር ነው።

በተማሪነቴ ጊዜ አንድ ጓደኛዬን አላጋልጥም ብዬ ዝም አልሁ። መምህሩም ተቈጥቶ በአንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጥነውን ሁሉ ገረፈን። እኔ ምሥጢር ጠባቂ ተብዬ ኰራሁ። ስለ ነገሩ ምንም የማያውቅ አንድ ትንሽ ልጅ ግን ዕንባውን እየጠረገ፣ «ምስጋናው ላንተ፣ አለንጋው ለኔ ነው እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በደልና ዕዳ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ተማርሁ። ወራሪ ንጹሑን ይገድላልና እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ብንል፣ ጨካኝ ሁሉ በጭካኔው ብቻ አገር ይገዛ ነበር። ስለዚህ የንጹሓኑ ደም በገዳዩ ራስ ላይ ነው፤ በደሉ የእርሱ ነው። ዕዳው ግን በጀግናው ትከሻ ላይ ይቀራል። ይህም ዕዳ ሦስት ክፍል አለው፤ ከሥራው በፊት ጉዳቱ የሚያንስበትን መንገድ መፈለግ፣ ከሥራው በኋላ ሟቾቹን ከጀግኖች እኩል ማክበር፣ በእነርሱም ደም የተገኘውን ነገር አለማባከን ነው። በዚህ በሦስተኛው የግሪክ አርበኞች ወደቁ፤ ያን ሌሊት አብረው የተዋጉት ሁለቱ ወገኖች ዓመት ሳይሞላ እርስ በርሳቸው ተታኰሱ።

ወጣቶች ሆይ! ድልድይ መስበር ለሁላችሁ አይደርስ ይሆናል። እናንተ ደግ ሥራ ሠርታችሁ ሌላው ዋጋውን የሚከፍልበት ቀን ግን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ምስጋናችሁን ከመቀበላችሁ በፊት አለንጋው ያረፈበትን ትንሽ ልጅ ፈልጉት።