በሞቴ

«በሞቴ!» ከምትለዋ ቃል ያመለጠ ሰው በአገራችን ይኖር ይሆን? እጅ ታጥበው ከማዕድ ከቀረቡ በኋላ «በቃኝ» ቢሉ ማን ይሰማዎታል? አጉራሹ እጁን ዘርግቶ ሞቱን ያስይዛል። እምቢ ካሉ በሞቱ ጨከኑ ማለት ነው።

ሐኪሜ በባዶ ሆድ ሁለት ጊዜ የተለካውን የደሜን ስኳር አሳይቶኝ፣ «126 ከደረሰ የስኳር በሽታ እንለዋለን፤ ያንተ አልፎታል» ካለኝ ዓመት አለፈው። እንጀራው እንዲቀንስ፣ ቅቤው እንዲርቅ፣ የቡናው ስኳር ጨርሶ እንዲቀር ታዘዝኩ። በቤቴ ትእዛዙን መፈጸም አልከበደኝም። የከበደኝ የሰው ቤት ነው።

በፋሲካ ማግስት የጓደኛዬ እናት ቤት ተጠራሁ። ዶሮው ቀረበ። «ጾም ነኝ» እንዳልል ጾሙ ተፈቷል፤ «በልቼ መጣሁ» ብል ቤታቸውን መናቅ ይሆንብኛል። «ሆዴን አሞኛል» አልኩና ተገላገልኩ። በነጋታው ማለዳ እኚያ እናት፣ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ለሆዴ መዳኛ ቅቤ የጠጣ ገንፎ ይዘው ከበሬ ላይ ቆሙ።

ያን ጊዜ አፈርኩ። ሰው ላለማስቀየም የሚነገር ውሸት ኃጢአቱ ቀላል ነው እንላለን። ግን ማንን አከበርኩበት? የሚወዱኝን ሴት ሳያውቁት በገዛ እጃቸው እንዲጎዱኝ አደረግኋቸው እንጂ! የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ ባየች አገር ማብላት ማለት ማኖር ማለት ነው። እሳቸው ሊያኖሩኝ መጡ፤ እኔ ግን በምን እንደምኖር አልነገርኳቸውም።

«እማማ፣ ስኳር አለብኝ» አልኩ።

ጥቂት ዝም አሉ። «ታዲያ እስከ ዛሬ በእጄ ስገድልህ ዝም ትለኛለህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በየድግሱ ሕመሜን ላውጅ አልልም። ለማያውቀኝ ሰው «እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃኝ» ይበቃዋል። የሚወደኝ ግን እውነቱን ከእኔ የመስማት መብት አለው፤ ፍቅሩ የሚውልበትን ማወቅ ይገባዋልና።

ዛሬ እዚያ ቤት ጎመንና ምስር፣ ከእንጀራውም ግማሹ ይቀርብልኛል። ከምግቡ የቀነስኩትን በጨዋታ እክሳለሁ፤ ከአቦል እስከ በረካ ሳልነሳ፣ ቡናዬን ያለ ስኳር እጠጣለሁ። ጉርሻውም አልቀረም፤ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለት ይሆናል፤ መጠኑ ብቻ አንሷል። እማማ «በሞቴ» ማለታቸውንም አልተዉም። ከጎኔ የተቀመጠ እንግዳ ሊያጎርሰኝ ሲዘረጋ እጁን ይይዙና፣ «በሞቴ፣ እሱን ተወው!» ይላሉ።