ወድቆ መነሣት

የልደት በዓል ሲደርስ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለው ገጠር ወጣቱም ጎልማሳውም ገናውን ይዞ ወደ ሜዳ ይወጣል። ሩሯ ከመካከል ስትጣል ሁሉም ይሮጣል፥ ሁሉም ይሰነዝራል። ልብ ብለን ብንመለከት ግን ከሚሰነዘረው ምት ብዙው አፈሩን ወይም የባልንጀራን ዱላ ያገኛል እንጂ ሩሯን አያገኝም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ስቻለሁ ብሎ ገናውን ጥሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ተጫዋች የለም።

በአሜሪካ አገርም ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታ እንዲሁ ኳስ በዱላ ይመታል። በዚያ ጨዋታ ከዐሥር ጊዜ ሦስቱን በሚገባ የመታ ሰው ከጎበዞች ይቆጠራል፤ ሰባቱን ስላልሆነለት አይናቅም። ስሙ እጅግ የገነነው ቤብ ሩት ኳሷን አርቆ መትቶ 714 ጊዜ ዙሩን ፈጽሞ ገብቷል፤ 1,330 ጊዜ ግን ሳይሆንለት ዱላውን ይዞ ተመልሷል። በሚቀጥለው ተራ ሐፍረት ይዞት ቢቀር ኖሮ የተመሰገነበትን ሥራ ባልሠራ ነበር።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን ሲጽፍ የክርስቲያንን ተጋድሎ በሩጫ መስሎ አስተምሯልና፥ ከጨዋታ ሜዳ ምሳሌ ብንወስድ ነውር አይሆንብንም። የራሳችንም አገር ሯጭ ሻምበል ማሞ ወልዴ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ተሰልፈው ከማጣሪያው ሳያልፉ ተመለሱ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በዐሥር ሺህ ሜትር አራተኛ ሆኑ፤ ማራቶኑንም አቋርጠው ወጡ። በጥቅምት ወር 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን፥ ሁለት ጊዜ አሸናፊ የነበሩት ሻምበል አበበ ቢቂላ በሕመም ምክንያት ከመንገድ ሲቀሩ፥ ሻምበል ማሞ ማራቶኑን በአንደኛነት ፈጸሙ። ከሜልቦርን እስከ ሜክሲኮ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። አንድ ሰው ለሚጠፋ አክሊል ይህን ያህል ከታገሠ፥ ለማይጠፋው አክሊል የተጠራን እኛ ስንት ዘመን ልንታገሥ ይገባናል?

የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድም በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ከመምህሩ ሸሽቶ ነበር። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ ግን አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር፥ ደጋግማ ስትወድቅ፥ በመጨረሻም ከፍሬው ስትደርስ ተመለከተ፤ ተነሥቶም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ዛሬም በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት የቆጠረው ቅኔ የተበላሸበት ተማሪ ይህን ሊያስብ ይገባዋል። መምህሩ ያረመው ሊያባርረው አይደለምና።

ነገር ግን ምሳሌው ሁሉን አይሸፍንም። ኳስ መሳት ድካም ነው፤ ኃጢአት ግን ከእግዚአብሔር መለየት ስለ ሆነ እንደ ቀላል ነገር ሊታይ አይገባውም። እንደ ጨዋታ ደግሞ በራስ ኃይል ብቻ የሚነሡበት አይደለም፤ የሚያነሣን እርሱ መድኃኒታችን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስና ይሁዳ በአንዲት ሌሊት ወደቁ፤ ሁለቱም ተጸጸቱ። ይሁዳ ብሩን እንኳ መልሶ ነበር። የለያያቸው የአወዳደቃቸው ክብደት ብቻ አይደለም፤ አንዱ ተስፋ ቆርጦ ወደ ገመድ ሲሄድ፥ አንዱ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር መቆየቱ ነው። ሦስት ጊዜ የካደውንም ጌታ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ ጠይቆ መንጋውን አደራ ሰጠው።

እንግዲህ ስለ አንድ በደል ዓመታት ሙሉ ከቅዱስ ቍርባን ርቀህ፥ በቅጽሩ ደጅ ተሳልመህ የምትመለስ ወንድማችን ሆይ፥ የንስሐ አባትህ ቤት ቅርብ ነው፤ ሐፍረትህ አያስቀርህ። ትናንት ተናዝዘህ ዛሬ ብትወድቅም ዛሬውኑ ተመለስ። እናንተም አባቶቻችን ካህናት ሆይ፥ በዚያው በደል ሦስተኛ ጊዜ የመጣውን ሰው ፊት አትንሡት። ወደ እናንተ ደጅ ለመምጣት ያደረገውን ትግል እግዚአብሔር ያውቃልና። ቀኖናውን ስጡ፤ ተስፋውን ግን አትንፈጉት።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ ደግሞ ለሚሄድ ሰው የተሠራ ነው፤ በእርሱ ላይ የተሰናከለ መንገደኛ ተነሥቶ ጉዞውን ይቀጥላል እንጂ መንገዱን ለቆ ወደ ዱር አይገባም። የወደቁትን የሚያነሣ አምላክ በዚህ መንገድ ያጽናን፤ ለፍጻሜውም ያብቃን፤ አሜን።