እግራችሁን በድላችኋል

ስኳር ያለባችሁ ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገረው ስለ እንጀራና ስለ ሻይ አይደለም። የምትበሉትን የሚቆጣጠር ዘመድና ጎረቤት ሞልቶላችኋል። የምናገረው ማንም ስለማይጠይቃችሁ፣ እናንተም በካልሲ ሸፍናችሁ ስለረሳችሁት እግራችሁ ነው። ፊታችሁን በየማለዳው በመስታወት ታያላችሁ፤ የውስጥ እግራችሁን ግን መቼ እንዳያችሁት ብትጠየቁ መልስ የላችሁም። ይህ በደል ነው። በደል ደግሞ ንስሐ ይፈልጋል።

«አያመኝም እኮ!» ትላላችሁ። ይህን መልስ ከአፋችሁ አውጡት። ስኳር በደም ውስጥ በዝቶ ለዓመታት ሲቆይ ነርቭን ይጎዳል፤ ቀድሞ የሚጎዳውም እስከ እግር ጣት የሚዘልቀው ረጅሙ ነርቭ ነው። መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ያቃጥላል፣ ይወርራል፤ ቀጥሎ ይደነዝዛል፤ በመጨረሻ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ተሻለኝ፣ ተመስገን» ብላችሁ ተቀመጣችሁ። ውሻው ሞቶ ግቢው ጸጥ ሲል «ዛሬስ ሌባ የለም» ብሎ በሩን ከፍቶ እንደሚተኛ ሰው ሆናችኋል።

በደነዘዘ እግር ላይ የሚደርሰውን ስሙ። ምስማር የጫማውን ሶል ዘልቆ ይገባል፣ ባለቤቱ ግን ማታ ጫማው አልወልቅ እስኪለው ድረስ አያውቅም። ጫማ ውስጥ የገባች ጠጠር ቀኑን ሙሉ ስጋ ስትፈጭ ትውላለች። በክረምት ብርድ እግሩን ወደ ከሰሉ ምድጃ ያስጠጋ ሰው ቆዳው ሲላጥ እንጂ ሲቃጠል አይሰማውም። ሌሊት አይጥ ጣቱን ስትበላው ያልነቃ፣ ጠዋት ደሙን አንሶላው ላይ ያየ ሰውም አለ። ቁስሉ እንዳይድን ደግሞ የእግር ደም ሥሮች ጠበዋል፤ በስኳር የተጎዳው ደምም ተሕዋስያንን የመከላከል አቅሙ ደክሟል። በስኳር ምክንያት ከሚቆረጡ 100 እግሮች 85 ያህሉ መነሻቸው ቁስል ነው፤ ብዙ ጊዜም በጊዜው ቢታይ መዳን የሚችል ቁስል። ከቁርጭምጭሚት በላይ ከተቆረጡት መካከል ደግሞ ግማሽ የሚሆኑት 5 ዓመት እንኳ በሕይወት አይቆዩም። ስለ አንድ ጣት ብቻ የምንነጋገር እንዳይመስላችሁ።

አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለውን አለርት የሕክምና ማዕከልን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበር። ሥጋ ደዌም እንደ ስኳር ነርቭን ይገድላል፤ ጣት የሚያሳጣውም በአብዛኛው ሕመም የማይሰማው እግር ሳይታወቅ እየቆሰለ፣ ቁስሉም እየተረገጠ ስለሚኖር ነው። ሕንድ ቬሎር ውስጥ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን አስረዳ፤ የረገጡት ቁስል እንደማይድን፣ ሸክሙ ከላዩ ሲነሣለት ግን እንደሚድን በጄሶ እያሰረ አሳየ። በኋላም አሜሪካ ውስጥ ይኸንኑ ሕክምና ለስኳር ሕሙማን አዋለው። ዛሬ የእናንተን እግር የሚያድነው ትምህርት ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ቁስል የተገኘ ነው። እነርሱ እግራቸውን በየቀኑ ማየትን፣ ለስላሳ ገበር ያለው ጫማ ማድረግን ተማሩ። እናንተ ግን እነርሱን ስትሸሹ ኖራችሁ፣ የተማሩትን ለመማርም ኮራችሁ።

ከቸልተኝነቱ የባሰ ደግሞ አለ። የደደረውን ቆዳ በምላጭ ትቆርጣላችሁ። ቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ የቡና ዱቄት ትለጥፋላችሁ፤ ነጭ ሽንኩርት ጤነኛ ቆዳ እንኳ እንደሚያቃጥል እያወቃችሁ። በሙቅ ውሃና በጨው ትዘፈዝፉታላችሁ፤ የውሃውን ሙቀት የሚለካው ያ የማይሰማው እግር ራሱ ነው። ጠቁሮ ሲሸት ጊዜ ሆስፒታል ትደርሱና «ቆረጡኝ» ብላችሁ ሐኪሙን ታማላችሁ።

በእግዚአብሔር ስምም አታመካኙ። ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ ከጸሎቱ ጋር የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ አስደርጎለታል፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን አክብሩ ይላል። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል። ጠበሉን ተጠመቁ፣ እግራችሁን አድርቁ፣ ቁስል ካለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ግሸንን በባዶ እግር ልትወጡ የተሳላችሁ ካላችሁ ለንስሐ አባታችሁ ሕመማችሁን ንገሩና መላ ይስጧችሁ። ሙስሊም ወገኖቼም ከውዱእ በኋላ በጣቶቻችሁ መካከል ያለውን ርጥበት አድርቁ፤ ሐጅ ስትሄዱም በጋለ ወለል ላይ በባዶ እግር አትቁሙ።

ልጆች ሆይ፣ እናንተም አታመልጡም። በዚህ አገር ማታ የአባትን እግር ማጠብ የልጅ ወግ ነበር። የሚያጥበው ልጅ እሾሁንም፣ ስንጥቁንም፣ እብጠቱንም ያይ ነበር። ወጉን ጣላችሁት፤ የሚያይ ዐይንም አብሮ ጠፋ። አባታችሁ ጎንበስ ማለት የማይችሉ፣ ዐይናቸውም በዚያው በስኳር የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ማን እንዲያይላቸው ትጠብቃላችሁ? በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ፣ በዱባይ ያላችሁም በቪዲዮ ስትደውሉ ፊታቸውን ብቻ አይታችሁ አትዝጉ። «እማዬ፣ እስቲ እግርሽን አሳዪኝ» በሉ። ቁጥሩን ሳትጠይቁ የምትልኩት ጠባብ ጫማም ስጦታ አይደለም።

የጤና ባለሙያዎችም ስሙ። የስኳሩን መጠን ካርዱ ላይ ጽፋችሁ፣ መድኃኒቱን ጨምራችሁ፣ በሽተኛው ጫማውን ሳያወልቅ ካሰናበታችሁት ሥራችሁን አልሠራችሁም። ባለ 10 ግራሙ መፈተኛ ክር ባይኖራችሁ፣ ዐይኑን አስጨፍናችሁ ጣቶቹን በጣታችሁ ጫፍ ነካ ነካ በማድረግ ስሜቱ መኖሩን ማወቅ ትችላላችሁ። ወረፋው ረጅም መሆኑ እውነት ነው፤ ይህ ግን ደቂቃ አይፈጅም።

እንግዲህ ተመለሱ። ዛሬ ማታ እግራችሁን ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ የውሃውን ሙቀት በክርናችሁ ለኩ ወይም ሌላ ሰው ይለካላችሁ። በጣቶቻችሁ መካከል ያለውን አድርቁ። ተረከዛችሁን ቫዝሊን ቀቡ፣ በጣቶች መካከል ግን አትቀቡ። የውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፣ ወይም ሰው ይይላችሁ። ጥፍራችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አትሂዱ፤ ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ገልብጣችሁ አራግፉ፣ ውስጡንም በእጃችሁ ዳስሱ። ጫማ ስትገዙ እግር አበጥ በሚልበት በማታ ግዙ። ሲጋራ የምታጨሱ ካላችሁ የጠበበውን ደም ሥር ይበልጥ እያጠበባችሁ ነውና ተዉ።

ውሃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ ያበጠ፣ የሞቀ፣ የጠቆረ ወይም የሚሸት ነገር ካያችሁ፣ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ስኳራችሁ ድንገት ከጨመረ፣ ባያማችሁም ሰኞን አትጠብቁ፤ ገበያውም ልቅሶውም ይቅርባችሁ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ፣ አትርገጡበት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።