ለማየት መሄድና ለመሳለም መሄድ

ሰው አገር ሲጎበኝ ዓይኑ ብቻ ቢሄድ ተጓዘ ይባላልን? በጃፓን ኒኮ የምትባል የተራራ ከተማ አለች። በቶሾጉ መቅደሷ ግቢ፥ በፈረሶች በረት ላይ፥ ሦስት ጦጣዎች ተቀርጸዋል፤ አንዱ ጆሮውን፥ አንዱ አፉን፥ አንዱ ዓይኑን ይዟል። ፈጥኖ የሚያልፈው ጦጣ አይቶ ይስቃል፤ ይኸውም ሰሙ ነው። ምሥጢሩን የሚጠይቅ ግን ክፉ አትስማ፥ ክፉ አትናገር፥ ክፉ አትይ የሚለውን ወርቅ ያገኛል።

በእኛም አገር ከራያ ቆላ፥ ከቆቦ ሜዳ፥ ምእመናን ስንቃቸውን ቋጥረው ለገና ወደ ላስታ ደጋ ይወጣሉ። ከዓለት የተፈለፈሉት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገቡ፥ የሩቅ አገር ጎብኚም ይመጣል። ታዲያ ማን ተሳለመ? ማንስ አየ? መልሱ በአገር ልጅነት አይለይም፤ ባዕዱም አድንቆ ይጠይቅ ይሆናል፥ ተሳላሚውም በልማድ ብቻ ይሄድ ይሆናልና።

በላሊበላ የአገሬው ሰው የመንገደኛውን እግር ያጥባል። ማየት ዕዳ የለውም፤ መታጠብ ግን ዕዳ ነው። ስለዚህ እግሩን ታጥቦ የተመለሰ ሰው በደጁ የቆመውን እንግዳ ካባረረ፥ ተራራውን አየ እንጂ አልተሳለመም።